መሪው ሲዋልል፦ አሮጌዋን መርሰዲስ ቀጥ ያደረግኩበት ቅደም ተከተል

እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረተችው መርሰዲስ 280 ኤስኢ መኪናዬ ከተማ ውስጥ ስትሄድ ሞገሷ አይጓደልም ነበር። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ወጥታ ፍጥነቷ 80 ሲያልፍ ግን ትዋልላለች። መሪውን ሁለት ጣት ያህል ባዞረውም ጎማው አይሰማኝም፤ ከዚያ በድንገት ይሰማና ከፈለግኩት በላይ ይዞራል። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ይገፋታል፣ እኔ እመልሳታለሁ። አዳማ ስደርስ ትከሻዬ ይዝላል።

ያማከርኩት ሁሉ የመሪው ሳጥን አርጅቷልና ይጥበቅ ነበር የሚለኝ። የዚህች መኪና መሪ በውስጡ ጥቃቅን ኳሶች የሚሽከረከሩበት፣ በዘይት ግፊት የሚታገዝ ሳጥን ነው፤ ላዩ ላይ የማስተካከያ ብሎን አለው። ብሎኑ በቀላሉ ስለሚደረስበት እጅ ያሳክካል። ዕድሜያቸውን በመርሰዲስ ሥር ያሳለፉ አንድ አዛውንት መካኒክ ብቻ የተለየ ነገር ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ሳጥኑን መጨረሻ ላይ ንካው። ከጎማው ተነሥተህ ወደ ላይ ና።»

ምርመራው መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ የሚደረግ ነው፤ በክሪክ ከተነሣች ክብደቱ ይለቅና ብዙ ልቅነት ይደበቃል። ጉድጓድ ላይ አቆምናት፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ወንድሜ መሪውን ቀስ እያለ ግራና ቀኝ ይነቀንቃል፤ እኔ ከታች ሆኜ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመዳፌ እይዛለሁ። ዓይን የማያየውን መዳፍ ያገኘዋል። የአንዱ ቴስቲና (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ላስቲክ ተቀዶ ቅባቱ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል፤ መሪው በዞረ ቁጥር ጣቴ ሥር «ቀጭ» ይላል። ከሁሉ የባሰው ከሳጥኑ ትይዩ በቀኝ በኩል የመሪውን ዘንግ የሚደግፈው ረዳት ክንድ ነበር። ቡሹ (ክንዱ የሚዞርበት መደገፊያ ቀለበት) ተበልቶ ቀዳዳው ሞላላ ስለሆነ ክንዱ ከመዞሩ በፊት ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። ያ ሁሉ በሳጥኑ ላይ ሲላከክ የኖረ ልቅነት አብዛኛው እዚህ ነበር።

ቀጥሎ ቦል ጆይንቶቹ፣ ማለትም ጎማውን ከሚይዙት የላይኛውና የታችኛው ክንዶች ጋር የሚያያይዙት ባለኳስ መጋጠሚያዎች። በዚህ ሞዴል ሞላው የሚያርፈው በታችኛው ክንድ ላይ ስለሆነ ክሪኩ ከዚያ ክንድ ሥር ካልገባ የታችኛው ቦል ጆይንት ልቅነቱን አያሳይም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቀው ቢወዛወዝ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ፤ ውዝዋዜው ከጠፋ ችግሩ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። የእኔ በአንድ በኩል ሁለቱም ነበሩ። ኩሽኔታው በግምት የሚጠብቅ አይደለም፤ ፋብሪካው የሚፈቅደው ክፍተት ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊሜትር ስለሆነ ጥቃቅን ክፍተት በሚለካ ባለመርፌ መሣሪያ ነው የተስተካከለው።

ዕቃ ፍለጋ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የዚህ ሞዴል መኪና እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1991 ከ800 ሺህ በላይ ስለተመረተ ዕቃው ዛሬም አይጠፋም፤ ጣጣው ጥራቱ ላይ ነው። ያገለገለ የበር እጀታ ወይም መብራት በደስታ እገዛለሁ። ያገለገለ ቴስቲና ግን በነጻም ቢሰጠኝ አልወስድም። ቴስቲናዎቹን፣ ቦል ጆይንቶቹንና የረዳት ክንዱን ቡሽ ፍራንክፈርት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ አመጣችልኝ፤ ለእናቷ ከያዘችው ቡና ማፍያ ይልቅ የእኔ ብረት ከበዳት።

የታችኛውን ክንድ ቡሽ ለመቀየር ሞላው መውጣት አለበት፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። በውጭ የሚነክሰው ተራ የሞላ መጨበጫ ሞላው የተቀመጠበት ጠባብ ቦታ ውስጥ አይገባም፤ በሞላው መሃል የሚያልፈው ዓይነት ያስፈልጋል፣ እኛም ተከራየን። ሾክ አብዞርበሩም ክንዱ ወደ ታች እንዳይወድቅ የሚይዘው እሱ ስለሆነ ክንዱ በክሪክ ሳይደገፍ አይፈታም። የክንዱ ብሎኖች የጎማውን ዝንባሌ የሚወስኑ ስለሆኑ ከመፍታታችን በፊት ቦታቸውን በቀለም አሰመርን። ሲገጠሙ ደግሞ የመጨረሻው ጥብቀት መኪናዋ መሬት ላይ ካረፈች በኋላ ነው። ክንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል፤ ብዙ ጋራዥ ይህን የሚዘለው ጎንበስ ብሎ ማጥበቅ ስለማይመች ይመስለኛል።

የመሪውን ሾክ ቀይር ያሉኝም ነበሩ። ቀየርኩት፣ ነገር ግን እሱ የመሪውን መንቀጥቀጥ ያፍናል እንጂ ልቅነት አይጠግንም፤ ሌላው ሳይጠገን እሱን መቀየር በሽታውን መሸፈን ነው።

ሳጥኑ የተነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ የማስተካከያ ብሎኑን የሚቆልፈው ዳዶ ላላ፣ ብሎኑ ከሩብ ዙር ያነሰ ተንቀሳቀሰ፣ በቃ። ከዚያ በላይ ቢጠብቅ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ የውስጡ ጥርስም ይበላል።

አሁን በ100 ስነዳ መሪው በሁለት ጣት ይያዛል። ፊቱ ሲረጋ ግን የኋላው ጉድ ወጣ፤ ነዳጅ ረግጬ ስለቅ ጅራቷ ትንሽ ወደ ጎን ትላለች። የኋላውን አክስል ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ላስቲኮች ደክመዋል ማለት ነው። እነሱን አዝዣለሁ፤ እስኪመጡ የጎማ ማስተካከያውን ዳግም አላሠራም፣ ምክንያቱም ከኋላ አንድ ብሎን በተፈታ ቁጥር የተለካው ሁሉ ይሰረዛል።