ሲባጎው

ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ ጉልባኔን ቀማምሼ ጋደም ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እስቲ ልፃፈው።

ማክሰኞ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። በአካውንቲንግ ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ድፍን 2 ዓመት ሆነኝ፣ አንድ መስሪያ ቤት ፈተናውንም አልፌ ኢንተርቪውም ጥሩ ስለነበር እናቴ ገና ሳልቀጠር ስለት ተስላልኛለች፣ ሊስቱ ተለጠፈ ሲባል ሄጄ ከላይ እስከ ታች 3 ጊዜ አነበብኩት፣ ስሜ የለም። ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል፣ እኔም በልቤ ጌታ ሆይ ፕላንህ ይሄ ነው ወይ እላለሁ። ማጉረምረም እንጂ ጸሎት አይባልም።

እንደዚ ስትሆን ሰው ሁሉ ለእናንተ ያለኝ አሳብ የሰላም ነው እንጂ የክፉ አይደለም የሚለውን ኤርምያስ 29፥11ን ይልክልሃል፣ እኔም ለስንቱ ልኬያለሁ። ማታ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ሳነበው ለካ የተፃፈው ባቢሎን ለተማረኩት ነው፣ ቁጥር 10 ላይ 70 ዓመት ይላል፣ ቁጥር 5 ላይ ደሞ ቤት ስሩ አትክልት ትከሉ። ነገ ትወጣላችሁ አላላቸውም። እውነቱን ለመናገር አልተፅናናሁም፣ 70 ዓመት እኮ ነው!

ዛሬ ደሞ ቤተክርስቲያን እንደ አምናው የሕማማቱን መጽሐፍ ግብረ ሕማማትን ከሚያነቡት ጋር የምሆን መስሎኝ ነበር፣ አስተባባሪው ግን "አንተ ዘንድሮ ለእግር አጠባው ውሃ ቅዳ፣ አባቶችንም ጫማ አውልቅላቸው" አለኝ። ከፋኝ። ጌታ ስራውን ከልክሎኝ እዚህም ባልዲ ሰጠኝ ብዬ አሰብኩ፣ አዎ እንደዛ አሰብኩ።

አንድ አባት በከዘራ መጡ። የኮንጎ ጫማቸው ማሰሪያ ተበጥሶ በሲባጎ ነው ያሰሩት፣ ሲባጎው በዝናቡ ርሶ ቋጠሮው ጠብቋል፣ ተንበርክኬ በጥፍሬ ብታገለው እምቢ አለኝ። እሳቸው እግራቸውን እየሰበሰቡ "ኧረ ተው ልጄ፣ ነውር ነው፣ ጭቃ ነው እኮ" ይላሉ። ግድየለም አባባ አልኩና በጥርሴ ፈታሁት። ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ቄሱ በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥቧቸው ጣታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከቅዝቃዜው ይሁን ከሌላ እንጃ። ሲነሱ ትከሻዬን ይዘው "አብሽር ልጄ" አሉኝ። ምንም አልነገርኳቸውም እኮ!

ጴጥሮስም ጌታ እግሩን ሊያጥበው ሲመጣ አንተ የእኔን እግር ታጥባለህ ወይ ብሎ ነበር። ጌታ ምን አለው፣ ዮሐንስ 13፥7፣ "እኔ የማደርገውን አንተ አሁን አታውቅም፥ በኋላ ግን ታስተውለዋለህ።" ይሄን ቃል በየዓመቱ እሰማለሁ፣ ባልዲ ይዤ ስሰማው ግን ልቤን ያዘኝ፣ ምክንያቱም ጌታ ይሄን የተናገረው ከላይ ሆኖ አይደለም፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ ሰው እግር ስር ዝቅ ብሎ ነው። በኋላ ታውቃለህ ያለኝ እዛ ዝቅ ብሎ ከሆነ ልጠብቀው እችላለሁ። ይሁዳም እዛው ተቀምጦ ነበር፣ የሱንም አጥቦለታል፣ እዚህ ጋ ሁሌ ዝም እላለሁ።

ወደ ቤት ስመጣ አይጠየፍ ትዝ አለኝ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሰሩት የግብር አዳራሽ። ማንም ሳይናቅ የሚበላበት ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት ይባላል፣ ደሴ ተወልጄ አድጌ አንድ ቀን ስለ ስሙ አስቤ አላውቅም።

ለእናቴ ገና አልነገርኳትም፣ ፋሲካን በሰላም ትዋል። ነገ ስቅለት ነው፣ እኚያ አባት መስገድ ቢያቅታቸው የሚደገፉበት ግድግዳ ስር ቦታ ልይዝላቸው ነው፣ ለጫማቸውም ከቤት ማሰሪያ አግኝቼ ኪሴ ከትቻለሁ፣ በ11 ሰዓት መነሳት አለብኝ።