ከደሴ የግል ኮሌጅ እስከ መውጫ ፈተና

የግል ኮሌጅ መግባት ቀላል ነው። ሰነድ ታስገባላችሁ፣ መመዝገቢያ ትከፍላላችሁ፣ አለቀ። ጣጣው መውጫው ላይ ነው። እኔ ደሴ ውስጥ አካውንቲንግ ተምሬ ሰኔ 2017 ላይ የመውጫ ፈተናውን፣ ካላለፉት ዲግሪ የማይሰጥበትን፣ አልፌያለሁ። "ከግል ኮሌጅ እንዴት አለፍሽ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ጥያቄው ራሱ ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ ግን ይሁን።

የወረኢሉ ልጅ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። አባቴ "በግ ይሸጣል እንጂ ትምህርት አይቀርም" ብሎ ደሴ ላከኝ። ገንዘቡ የእሱ፣ መምረጡ የእኔ ሆነ። ያኔ ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ የኮሌጅ ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት የመብራት እንጨት ማግኘት ከባድ ነበር። ሁሉም እውቅና አለኝ ይላል። አጎቴ አስተማሪ ስለሆነ አንድ ነገር አስጠንቅቆኝ ነበር፦ እውቅና ለተቋሙ ስም አይሰጥም። ለካምፓሱ፣ ለትምህርት መስኩና ለመርሃ ግብሩ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ላይ አካውንቲንግ ለማስተማር የተፈቀደለት ኮሌጅ ደሴ ቅርንጫፉ ላይ ላይፈቀድለት ይችላል። ለመደበኛው ያለው ለርቀቱ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ በየሬጅስትራሩ እየገባሁ "የደሴውን የእውቅና ደብዳቤ አሳዩኝ" ማለት ጀመርኩ። አንዷ ሠራተኛ ቀና ብላ አየችኝና "ሂደት ላይ ነው" አለችኝ። ሂደት ላይ ነው ከተባላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የተማርኩበት ኮሌጅ ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ቀኑን አየሁ፣ መስኩን አየሁ፣ ተመዘገብኩ።

ትምህርት በጀመርን ሰሞን፣ ጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ሁላችንም ተበተንን። ስንመለስ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የቀረው ጠረጴዛው ብቻ ነበር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ተዘርፏል፣ ማን ማንን ይወቅሳል? ስለዚያ ጊዜ ሌላ ቀን።

የግል ተማሪ ዶርም የለውም፣ ካፌ የለውም። የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር። እሷ ኮስት ሼሪንግ ፈርማ ታድራለች፣ ትበላለች። እኔ በየወሩ መጀመሪያ የኮሌጅ ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ ዘይት፣ ሽሮ እያልኩ እቆጥራለሁ። ክፍያ ካዘገያችሁ ቅጣት አለ። ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለባችሁም የሚል ወረቀት፣ ካልያዛችሁ ፋይናል አትቀመጡም። ከአንዲት የሐይቅ ልጅ ጋር ሆጤ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየን። ወረኢሉም ደጋ ነው፣ ብርድ አልፈራም ነበር። የደሴ ብርድ ግን ከጉም ጋር ነው የሚመጣው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቀው በዘጠኝ ሰዓት አምፖል ታበራላችሁ። ልብስ አይደርቅም፣ ደብተሩ ራሱ ይረጥባል።

አከራያችን እማማ ደግ ሴት ናቸው። ችግሩ ቡናቸው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ዱዓው እስኪደረስ ከሰዓቱ ያልቃል። እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው፣ ወሎ ነው ያለነው። አንድ ቀን ደፍሬ፣ "እማማ፣ ማጥናት አለብኝ፣ ለበረካው ብቻ ብመጣስ?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ምርቃቱስ ያለው በረካው ላይ አይደል? አብሽሪ፣ ለእሱ ነይ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ሲኒ የሚጠጡልኝ ጎረቤቶች ናቸው፣ እኔ ለምርቃቱ እደርሳለሁ።

የበጉ ገንዘብ እንደማያዘልቀኝ ስለገባኝ ሥራ ፈለግሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ የእህል ነጋዴ ጋ ከሰዓት ከሰዓት ሂሳብ መያዝ ጀመርኩ። ሀጂ እንላቸዋለን። ከማውቀው አካውንቲንግ ግማሹን ያወቅሁት እዚያ መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሀጂ አንድ ትልቅ የዱቤ ደብተር አላቸው። የተበዳሪው ስም፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ብር ይጻፍበታል። የመክፈያው ቀን የሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን ቀን የለም። "ለአረፋ"፣ "ለመስቀል"፣ "ለመውሊድ"፣ "ጤፉ ሲወቃ" ነው የሚለው። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ሳስበው ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩን አልገባኝ ያለው የተሰብሳቢ ሂሳብ ዕድሜ፣ ዱቤው ሳይከፈል የቆየበት ጊዜ፣ ማለት ይኼው ነው። በዓላቱን ወደ ቀን ቀየርኳቸው። ያላለፈበት፣ አንድ በዓል ያለፈበት፣ ዓመት ያለፈበት ብዬ በሦስት ዓምድ አሰመርኩት። ሁለት አረፋ ያለፈው ዱቤ አጠራጣሪ ነው። ሀጂ ደብተሩን አገላብጠው አንዱ ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉና "ይኼን ሰውዬ ይቅር ብዬዋለሁ፣ በሬው ሞቶበታል" አሉኝ። እሳቸው ይቅር ሲሉ እኔ ራይት ኦፍ አደርጋለሁ፣ ከተሰብሳቢው ሂሳብ እሰርዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ባድ ዴት (የማይሰበሰብ ዕዳ) የሚለው ምዕራፍ ተጠይቄ ተሳስቼ አላውቅም።

ግብሩም እንደዚያው ነው። ያኔ በነበረው ሕግ ሀጂ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ1 ሚሊዮን ብር ስለሚያልፍ ደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ነበሩ። የሂሳብ መዝገብ ይዘው እስከ ጥቅምት 30 ግብራቸውን ማስታወቅ ነበረባቸው። የሂሳብ ባለሙያቸው በዓመት አንዴ መጥቶ ነበር ደረሰኝ ከየመሳቢያው የሚሰበስበው። እኔ በየወሩ እየለየሁ ማስቀመጥ ስጀምር ባለሙያው ራሱ መጽሐፉን አዋሰኝ። የአካውንቲንግ ተማሪ ከሆናችሁ ነጋዴ ዘመድ ፈልጉ። በነጻም ቢሆን ግቡ።

አሁን ወደ ፈተናው። የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም ተመራቂ የተሰጠው በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ካላለፋችሁ ዲግሪ የለም፣ ማለፊያው 50 ነው። ውጤቱ ሲነገር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ አለፉ። ከግል ተቋማት 17 በመቶ ገደማ። እኔ ያኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ጊቢያችን ውስጥ የሆነውን ግን አልረሳውም። ጋዎን ተለክተው፣ በግ ታስሮላቸው የነበሩ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ከነሱ ውስጥ ውጤቷ በኤ የተሞላ፣ ሁላችንም የምንቀናባት ልጅ ነበረች።

ስለ ኤ እውነቱን እንነጋገር። የግል ኮሌጅ ግሬድ አይሰስትም። መምህሩ ቀን ሌላ ቦታ አስተምሮ ደክሞት ማታ ይመጣል፣ ሀንድአውት ይሰጣል፣ ፈተናው ከሀንድአውቱ ይወጣል። ሀንድአውቱን የሸመደደ ኤ ያገኛል። መምህራኑ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፣ በሰዓት ተከፍሎት ስንቱን ያድርግ? ኮሌጁም ተማሪ ወድቆ ክፍያ እንዲያቋርጥ አይፈልግም። ማንም ሳይዋሽ ሁላችንም ጎበዝ እንባላለን። የመውጫ ፈተናው ግን ማን ከፍሎ እንደተማረ አያውቅም፣ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው።

ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ግሬዴን ማየት ተውኩ። ትምህርት ሚኒስቴር ለየመስኩ ያወጣውን ብሉፕሪንት አሳትሜ አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩት። የትኛው ኮርስ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይናገራል። ፋይናንሻል አካውንቲንግ፣ ኮስት፣ ኦዲቲንግ፣ ታክሴሽን፣ ፋይናንሻል ማኔጅመንት እያለ ይሄዳል። አንድ ኮርስ ክፍል ውስጥ ስንጀምር የወሎ ዩኒቨርሲቲዋ ጓደኛዬ የእነሱን ሞጁል በቴሌግራም ትልክልኛለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ የእኛ ሀንድአውት የት ጋ እንደሚዘል ይታየኛል። ብዙ ጊዜ የሚዘለው ስሌቱን ነው። ትርጉሙን ይጽፍና "ይቀጥላል" ይላል፣ አይቀጥልም።

የመጨረሻው ዓመት ላይ የጥናት ጀመዓ አቋቋምን። ከኮሌጃችን አምስት፣ ከዩኒቨርሲቲው ሁለት ልጆች። እያንዳንዳችን አንድ ኮርስ ወስደን ለሌሎቹ እናስተምራለን። ያስገባነው ደንብ አንድ ነው፦ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው መልሱን መንገር አይበቃውም፣ የቀሩት ሦስቱ ምርጫዎች ለምን ስህተት እንደሆኑ ያስረዳል። ይኼ መጀመሪያ ሁላችንንም አናደደን። አንድ የኮስት ጥያቄ ላይ ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት የተጨቃጨቅንበት ጊዜ አለ። ጤፍ በተለያየ ዋጋ ተገዝቶ የቀረው ክምችት ስንት ያወጣል ነበር ጥያቄው። ፊፎ (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል) ያለው ልጅ መልሱን አግኝቷል፣ አማካዩ ለምን እንደሚያንስ ግን ማስረዳት አቃተው። ዋጋው እየጨመረ ሲሄድ መጀመሪያ የገባው ርካሹ ቀድሞ ይወጣል፣ ውዱ ይቀራል። ይኼን ከአፉ እስክናወጣ ምሳ ሰዓት ሆነ። መልስ ብቻ የያዘ ሰው ቁጥሩ ሲቀየርበት ይጠፋዋል።

የ2017 ጾም ደግሞ ተገጣጥሞ መጣ። ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ከአምስት ቀን በኋላ። ከጀመዓው ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነን። ቀን ማንም ጉልበት የለውም። ስለዚህ ጥናቱን ወደ ማታ ገፋነው፣ ከማፍጠሪያ በኋላ። ምግቡ ላይ ክርክር ተነሳ፣ ሁለቱንም ጾም የማይሽር ምን ይሁን? ከፒያሳ የምስር ሳምቡሳና ተምር፣ ከእማማ ቤት ሽሮ። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ። አዛን ሲል ሁላችንም እኩል እንጀምራለን፣ ክርስቲያኖቹም ለይሉኝታ ሳይሆን ርቧቸው ነው የሚጠብቁት። እስከ አራት ሰዓት እናጠናለን። ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ ጥሩው የጥናት ጊዜ ያ ነበር። ሌላ ጊዜ አንዱ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፣ አንዱ ስልክ ያነሳል። በጾሙ ሁሉም አንድ ሰዓት ላይ አንድ ቤት ውስጥ ነው።

ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ይኼን ሁሉም ያውቃል፣ የሚለማመደው ግን ጥቂት ነው። ወረቀት ላይ ማስመር የለመደ ሰው ስክሪን ላይ ረጅም ጥያቄ ሲያነብ ዓይኑ ይቅበዘበዛል። የእኛ ኮምፒውተር ክፍል ነገር የታወቀ ስለሆነ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ለምነን፣ ማታ ሱቁ ሲዘጋ በትንሽ ብር ተራ በተራ የሞክ (የመለማመጃ ፈተና) ጥያቄ እንሠራ ነበር። ሰዓት እየያዝን።

ፈተናው ሲቃረብ ቴሌግራም ላይ "ፈተናው ወጥቷል፣ በዚህ አካውንት አስገቡ" የሚሉ ቻናሎች እንደ አሸን ይፈላሉ። ከክፍላችን ገንዘብ አዋጥተው የገዙ ነበሩ። የደረሳቸው የድሮ ሞክ ነው፣ እኛ በነጻ የሠራነው። ከዚያ ቻናሉ ተሰረዘ።

እኛ የተፈተንነው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። መታወቂያ፣ ፍተሻ፣ ዩዘር ኔም፣ ፓስወርድ። 100 ጥያቄ። ስለፈተናው ብዙ የምለው የለም፣ ያጠናሁት ነው የመጣው። ታክሴሽኑ ላይ ሀጂ ትዝ ብለውኝ ፈገግ ብያለሁ፣ ፈታኟ ምን ነክቷት ነው ሳትል አልቀረችም። ውጤቱ ሲለቀቅ ኔትወርኩ ተጨናንቆ ስለነበር መጀመሪያ ያየችልኝ የዩኒቨርሲቲዋ ጓደኛዬ ናት።

ወረኢሉ በግ ታረደ። እማማም ጋቢ ደርበው በሚኒባስ መጡ፣ በረካውን እዚያው አፍልተው መረቁኝ።

አሁን ሀጂ ጋ ሙሉ ቀን እየሠራሁ ነው። የባንክ ማስታወቂያ ሲወጣ አመለክታለሁ፣ እስካሁን አንዱ ለጽሑፍ ፈተና ጠርቶኛል። ከጀመዓችን ሁለት ልጆች በጥቂት ነጥብ አላለፉም፣ ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግበዋል። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ ብዙ አይጠብቁም። ሁለቱንም ያስቸገራቸው ኦዲቲንግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እማማ ቤት እየተገናኘን ከሀ እየጀመርን ነው፣ ሦስቱን ስህተት የማስረዳቱ ደንብም እንዳለ ነው።