‹አሁን ይጫኑ› ያልኩበት ቀን

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የዓይን ክሊኒክ በቴክኒሻንነት ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ ታካሚው ዶክተሯ ዘንድ ከመግባቱ በፊት ያለው ነው። ፊደል አስነብባለሁ፣ የዓይን ግፊት እለካለሁ፣ የዳር እይታ እመረምራለሁ፣ ውጤቱን ጽፌ አስተላልፋለሁ። አማርኛ ተናጋሪ እናትና አባት ሲመጡ ደግሞ ተራው የማንም ይሁን የማን ወደ እኔ ይላካሉ። ከሥራዬ ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የ78 ዓመት አባት ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። እዚህ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። መንጃ ፈቃዳቸው ሊያበቃ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ለአብዛኛው ሰው የሚሰጠው ለስምንት ዓመት ነው፤ ብዙዎቻችንም ስናድስ ኢንተርኔት ላይ ከፍለን እንገላገላለን። 75 ከሞላ በኋላ ግን በአካል መቅረብና ዓይንን መታየት ግድ ነው፤ የሚሰጠውም ለአምስት ዓመት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት ይህ ግዴታ የሚጀምረው በ80 ዓመት ነበር። ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ለሚኖር ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ 70 የሞላው ሰው ለመንዳት ብቁ መሆኑን ሐኪም ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት። የእኛ ሰው በሁሉም ግዛት ተበትኖ ስለሚኖር፣ ቡና ላይ አንዱ ለሌላው የሚነግረው ሕግ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ግዛት ሕግ ሆኖ ይገኛል። ጋሼም የዲሲ ጓደኛቸው “ሐኪም ይፈርምልሃል፣ አለቀ” ብሏቸው ነበር።

አላለቀም። መንጃ ፈቃድ ቢሮው ውስጥ ማሽኑ ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው አይተው አላለፉም፤ በዓይን ሐኪም የሚሞላ ቅጽ ተሰጥቷቸው ነው ወደ እኛ የመጡት። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ “እህቴ፣ መኪናውን ከተከለከለ አባባ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያልቃል። እባክሽ እርጂው” አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን እንደምረዳ ግን አላሰብኩም።

ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ሲያወልቁ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ሰጡኝ። ዳር ዳሩ የተበላ፣ ፎቶው የደበዘዘ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነው፤ አምስተኛ። ተሳቢ ጎታች ነበሩ። ከአሰብ ሚሌ፣ ከሚሌ በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ፣ በፊያት ኤንትሬ። “ሙቀቱን ሽሽት ሌት ነበር የምንነዳው፣ ልጄ” አሉኝ። “ጨረቃ እንኳ በሌለበት።” አሜሪካ ከመጡ በኋላም ከመሪ አልተለዩም። ዲሲ ታክሲ ነድተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሒሳቡ በዞን (በሰፈር ክልል) መቆጠሩ ቀርቶ በሜትር ሲሆን እዚያው ሥራ ላይ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው አልነኩም። ይህንን ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።

ፊደሉን ደህና አነበቡ። በአዲሱ የመነጽር ልክ 20/40 መስመር ላይ ደረሱ፤ ይህም ጤነኛ ዓይን ከ40 ጫማ የሚያነበውን ከ20 ጫማ አነበቡ ማለት ነው። የቨርጂኒያ ሙሉ ፈቃድ በአንድ ዓይን ወይም በሁለቱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የቀረው ወደ ጎን የሚታየው ስፋት ነበር፤ 100 ዲግሪ መሙላት አለበት። ግፊታቸውን ለካሁ፦ ቀኝ 28፣ ግራ 26። አብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ባለው ውስጥ ነው። ቁጥሩን በገዛ እጄ ጻፍኩና ወደ ጨለማው ክፍል ይዣቸው ገባሁ።

የዳር እይታ ምርመራ ገብቶበት ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ማሽኑ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። አገጭዎን ያስደግፋሉ፣ አንዱ ዓይን ይሸፈናል፣ በሌላው መሃል ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ ያያሉ። ከዚያ በየአቅጣጫው ትንንሽ መብራት ብልጭ ይላል፤ ባዩ ቁጥር በእጅዎ የያዙትን ቁልፍ ይጫናሉ። ያለው ይህ ብቻ ነው፤ ግን ያደክማል። ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ የሚሰማው የቁልፉ ቀጭ ቀጭ ነው። እኔ ከጎን ሆኜ መብራቱ የት እንደበራ በስክሪኔ ላይ አያለሁ።

የጋሼ ቀኝ ዓይን ሲጀመር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር። ከዚያ መብራቱ ወደ ታች ወደ ቀኝ ወረደ። ዝም። አሁንም ብልጭ አለ፤ ዝም። ሦስተኛ፣ አራተኛ። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንደተጠነቀቀ ነው፣ የአንገታቸው ሥር ላብ አውጥቷል። “ልጄ፣ ማሽኑ ይሠራል?” አሉኝ። “ይሠራል ጋሼ፣ ይረጋጉ” አልኩ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ፍርሃት አንጀቴን በላው። ቀጥሎ መብራቱ ሲበራ፣ “አሁን ይጫኑ” አልኳቸው።

ቀጭ።

የመጀመሪያዋን ለማለማመድ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሁለተኛዋን ቋንቋው ነው የቸገራቸው አልኩ፤ ማሽኑ ግን አንድም ቃል አይናገርም፣ መመሪያውን ደግሞ ራሴ ጥርት ባለ አማርኛ ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ትቼ ትከሻቸውን በጣቴ መታ መታ ማድረግ ጀመርኩ። ይሉኝታ ነው። አባቴን የሚያክሉ ሰው አጠገቤ ሲጨነቁ ዝም ብሎ መቀመጥ ጭካኔ መሰለኝ። ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አሁንም በትክክል አላውቅም። የወጣው ወረቀት ግን ንጹሕ ነበር ማለት ይቻላል። ልጃቸው በር ላይ አይታኝ ፈገግ አለች፣ እኔም ፈገግ አልኩ።

ዶክተሯ ከጋሼ ጋር ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ጠራችኝ። ሁለት ወረቀት ይዛለች።

“ግፊቱን 28 ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?”

“አዎ።”

“የዓይናቸውን ነርቭ አየሁት፣ መሃሉ ተበልቷል። ይኸኛው ወረቀት ደግሞ ምንም አልጎደለም ይላል። ምርመራውን ሲሠሩ ምን ስታደርጊ ነበር?”

ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችና፣ “ይህ የአንቺ እይታ ነው” አለች። “መብራቱን ያየሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ በዚህ ብፈርም ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንቺ ዓይን ነው፤ መንገድ ላይ የሚወጣው ግን የእሳቸው ዓይን ነው።”

ይህን የዓይን ነርቭ የሚበላ በሽታ፣ ግላኮማን፣ በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አያምም፣ አያቀላም። ከመሃል ሳይሆን ከዳር ስለሚጀምር ሰውዬው ጋዜጣ እያነበበ፣ ፊት ለፊት ያለውን ታርጋ እየቆጠረ የጎኑን ያጣል። ያጣውን ቦታ ጥቁር ሆኖ አያየውም፤ አእምሮ ባለው ነገር ይሞላለትና የጎደለ አይመስለውም። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በመድኃኒት ማቆየት ይቻላል። በእኛ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ደግሞ ይበዛል፣ ቀድሞም ይጀምራል። በሹክሹክታዬ የሸፈንኩት ፈተና መሰለኝ እንጂ የሸፈንኩት በሽታ ነበር። ያ ወረቀት እንደወጣ ፋይል ውስጥ ቢገባ ኖሮ፣ ቀጥሎ የሚያያቸው ሐኪም ‘ከዚህ ቀደም ደህና ነበሩ’ ብሎ የሚነሳው ከእሱ ነው።

ተመልሼ ገባሁ። እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም፣ ስለዚህ በቀጥታ ነገርኳቸው። “ጋሼ፣ ቅድም መብራቱ ሲበራ እየነገርኩ ረዳሁዎት። መርዳት አልነበረብኝም። ውጤቱ ተሰርዟል፤ እንደገና እንሠራዋለን፣ አሁን ግን እኔ ዝም እላለሁ።”

ይቀየሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። መነጽራቸውን በመሐረባቸው ጠርገው ጠርገው፣ “ረዳት ነበረኝ” አሉ። “መኪና ረዳት። ወደ ኋላ ስሄድ ከኋላ ቆሞ ‘ና፣ ና’ ይለኛል። እኔ አላይም፣ እሱ ነው የሚያየው። ገደል እያየ ለእኔ አዝኖ ‘ና’ ቢለኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም ነበር።” ትንሽ ቆዩና፣ “ቅድም ‘ና፣ ና’ እያልሽኝ ነበራ፣ ልጄ” አሉ። በቁጣ አልነበረም። እስከ ዛሬ ግን ጆሮዬ ላይ አለ።

እንደገና ሠራን። እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ቀጭ ቀጭ ይልና ይቆማል፤ ረጅም ዝምታ፣ ደግሞ ቀጭ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ትንፋሼን መቆጣጠር እንኳ ነበረብኝ፤ ሰው በትንፋሽም ይጠቁማል። ሲያልቅ የቀኙ ዓይን የታችኛውና የውጪው ክፍል ወረቀቱ ላይ ጠቁሮ ወጣ። ግራውም ጀምሮታል። በሁለቱም ዓይን አንድ ላይ ወደ ጎን የሚያዩት ስፋት ሲለካ 84 ዲግሪ ሆነ።

ወረቀቱን አሳየኋቸው። ጥቁሩን ቦታ በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ለልጃቸውም ነግረዋት የማያውቁትን አወጡ። በዚያ ዓመት የቀኝ ስፖኪዮ ጋራዡ ውስጥ ካለው ምሰሶ ጋር ሁለት ጊዜ ተጋጭቶባቸዋል። ጎረቤት ነው የገጨብኝ ብለው ነበር። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ደግሞ አንድ ብስክሌተኛ ከየት መጣ ሳይባል ከቀኝ በኩል ዱብ ብሎባቸው ፍሬን ይዘው ተርፈዋል። “ከየት መጣ አልኩ። ለካ ነበረ” አሉ። ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች።

ዶክተሯ ቅጹን እንዳለ ሞላችው። ሙሉውን መስፈርት ላላሟላ ሰው ቨርጂኒያ ሌላ ደረጃ አላት፤ 20/70 እና 70 ዲግሪ ያለው ሰው በቀን ብርሃን ብቻ እንዲነዳ ይፈቀድለታል። ጋሼ ያገኙት ይህንን ነው። በጨለማ ዳናከልን ያቋረጡ ሰው ፀሐይ ስትገባ ቁልፉን እንዲሰቅሉ ተነገራቸው። ከሁሉ የከበዳቸው የእሑድ ኪዳን ነው። ጥር ላይ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልፎ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሌሊት ካልሄዱ ሄድኩ የሚሉ አይደሉም። ልጃቸው የማኅበራቸውን ሰዎች አስተባብራ በተራ የሚወስዷቸው ሰዎች አገኘች። መጀመሪያ አካባቢ “ሸክም ሆንኩ” ይሉ ነበር። መድኃኒቱ በየማታው በየዓይኑ አንድ ጠብታ ነው፤ ልጃቸው ስልኳ ላይ ደወል ሞልታለታለች።

እኔ በሥራ ቦታዬ ያደረግሁትን በጽሑፍ አስመዘገብኩ፤ የመጀመሪያው ውጤት ለምን እንደተሰረዘ ፋይላቸው ላይ በስሜ ሰፍሯል። አሁን አማርኛ ተናጋሪ ሰው ይዤ ጨለማው ክፍል ስገባ ከመጀመሬ በፊት የምነግረው አዲስ ነገር አለ፦ ማሽኑ ሆን ብሎ በጣም ደብዛዛ መብራት ያሳያል፣ ጤነኛ ዓይንም ብዙውን አያየውም፣ ስለዚህ ቢያመልጥዎት አይደንግጡ፣ አይገምቱ። ይህን ለጋሼ አስቀድሜ ነግሬያቸው ቢሆን ያን ያህል ባላላባቸው ነበር። ልጆች አብረው ሲገቡም እለምናቸዋለሁ። እናቱ ፊደል ስትሳሳት ከኋላ ሆኖ “ኢ” ብሎ የሚያንሾካሹክ ልጅ ስንት አይቻለሁ፤ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ፣ ግን አስወጣዋለሁ። እናንተም እናት አባታችሁ የሚነዱ ከሆነ ፈቃዱ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አታምጧቸው። ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ፣ የቅጽ ጉዳይ ሳይነሳ፣ ግፊታቸውንና የዳር እይታቸውን አስለኩ። የከለከላቸው የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ተነስቶ ሙሉ ፈቃዳቸውን ይዘው የሚመለሱ ብዙ ናቸው፤ ለዚያም ግን ጊዜ ያስፈልጋል።

ጋሼ በየአራት ወሩ ይመጣሉ። አሁን 81 ዓመታቸው ነው፤ ቀን ቀን ይነዳሉ፣ ፓርኪንጉ ላይ ስፖኪዮው ሳይነካ መቆሙን ከመስኮቱ አያለሁ። ባለፈው ወር ምርመራው ሲያልቅ መብራቱን እስካበራ አልጠበቁም። እዚያው ጨለማው ውስጥ ቁልፉን ወደ እኔ ዘርግተው፣

“ስንት አመለጠኝ?” አሉኝ።

ስክሪኑን አየሁና ቆጠርኩላቸው። “አሥራ ዘጠኝ፣ ጋሼ። ካለፈው አልጨመረም።”

“እውነትሽን ነው?”

“እውነቴን ነው።”

“እሺ” አሉና አገጫቸውን ከማሽኑ ላይ አነሱ።