«ሲሊንደሩን አስቀምጥ!»

ልጃችን አትተኛም ብል ውሸት ይሆናል። ትተኛለች። የማትተኛው አልጋዋ ላይ ነው።

ሦስት ወሯ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል ይላሉ ሐኪሞች። እውነታቸውን ነው፣ የእኛዋም አታንስም። ችግሩ ቆራርሳ ነው የምትተኛው። የሕፃን እንቅልፍ አንዱ ዙር 50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የአዋቂው ወደ 90 ይጠጋል። ስለዚህ እኔ ገና ደህና ሕልም ስጀምር እሷ የራሷን ጨርሳ ትጣራለች።

ባለቤቴ ስልኳን ከፍታ «እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት፣ ሳትተኛ፣ ቀስ ብሎ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ማስተኛት ነው። ራሷን ችላ መተኛት ትለምዳለች» ብላ አነበበችልኝ። ይህን የጻፈው ሰውዬ ልጆቹን ማን እንዳሳደገለት ማወቅ እፈልጋለሁ። ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ደግሞ ስልኩን በጎን ገረፍ አድርጋው «ልጅ በስልክ አይተኛም። እዘላት!» አለችኝ።

አዘልኳት። በነጠላ አስሬ እሹሩሩ እያልኩ ወዲያ ወዲህ ስል ወዲያው ድርግም ትላለች። ጣጣው ማውረዱ ላይ ነው። ነጠላውን ፈትቼ፣ በሁለት እጄ ደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ዝቅ አደርጋታለሁ። ፍራሹን ልትነካ አንድ ጣት ሲቀራት ብርግግ ብላ ሁለት እጆቿን ትዘረጋለች። የወደቀች መስሏት ነው። ሞሮ ሪፍሌክስ ይሉታል፤ ሲወለዱ ይዘውት ይመጣሉ፣ ስድስት ወር እስኪሞላቸው ደግሞ ይጠፋል። እስከዚያ እኔ እጠፋለሁ። መጀመሪያ ዓይኗ ይከፈታል፣ ቀጥሎ አፏ።

አንድ የሐምሌ ሌሊት፣ 9 ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ አጥብታ ተራውን አስረከበችኝ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ለመመላለስ አይሆንም፤ ገና ስትራመድ ሶፋ ነው። ስለዚህ ልጄን አዘልኩ፣ ከላይ ጋቢ ደረብኩ፣ ለትንፋሿ በጎን በኩል ክፍት ትቼ እስከ ግንባሬ ተከናነብኩ። በሩ ሲጢጥ እንዳይል አንስቼ ከፈትኩት። ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግር ጣቴ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዚያው ሰሞን ከምድር ቤቷ እትዬ በረንዳ ላይ የጋዝ ሲሊንደር ተሰርቋል። ኮሚቴው ተሰብስቦ ዘበኛ ቀየረ። አዲሱ ዘበኛ የነዋሪውን መልክ ገና አልለዩም። ስለ ሲሊንደሩ ግን በደንብ ተነግሯቸዋል።

ደረጃው መሐል ስደርስ ባትሪ ዓይኔ ላይ በራ።

«ቁም! ሲሊንደሩን አስቀምጥ!»

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። «ኧረ ቀስ ይበሉ አባባ፣ ትነቃብኛለች» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ማናት የምትነቃብህ?»

«ልጄ ናት።»

«ጭራሽ ከነልጅህ ነው የምትሰርቀው?» ብለው ፊሽካቸውን ነፉት።

ፊሽካ ደረጃ ውስጥ ሲነፋ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጆሮዬ እስኪነጋ ጮኸ። በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። አንድ ውሻ ጀመረ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተቀበለው። ከላይ ፎቅ አንዱ ጎረምሳ በቁምጣ ወርዶ ስልኩን ደግኖ ይቀርጸኛል። እትዬ ዘነዘና ይዘው መጡ። እኔ ጀርባዬን ከዱላና ከዘነዘና ለማራቅ እንደ እንዝርት እሽከረከራለሁ።

እትዬ ጠጋ ብለው ጋቢዬን በዘነዘናው ጫፍ ገለጥ አደረጉት።

«ውይ በሞትኩት! ሚሚ ናት እኮ!»

ሚሚ ተኝታለች። ለሃጯ ሸሚዜን አርሶታል። ፊሽካው፣ ውሻው፣ የእትዬ ጩኸት አንዱም አልደረሰባትም። ተአምር እንዳይመስላችሁ። እናቷ ሆድ ውስጥ ወራት የኖረችው የልብ ትርታና የደም ዝውውር ሲያጉረመርም እየሰማች፣ እየተወዛወዘች ነው። ለእሷ እንግዳው ጸጥታው ነው። ቤት ውስጥ ግን የእኔ ማስነጠስ እንኳ በፈቃድ ሆኗል።

ዘበኛው ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እብጠቱን አይቼ እኮ ነው» አሉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ስብሰባ ሆነ። እትዬ ዓይን በልቷት ነው አሉ። ጎረምሳው፣ ሚስት እንኳ የሌለው፣ መኪና ውስጥ ብታዞሯት ይሻላል አለ። መኪና የለንም። ዘበኛው አገር ቤት ስድስት ልጆች እንዳሳደጉና አንዱንም አዝለው እንደማያውቁ በኩራት ነገሩን። ሁሉም ይጮኻል፣ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ልጄ ደግሞ እንደዚያ ሌሊት ጥሩ ተኝታ አታውቅም።

ሰዉ ሲበተን ገባሁ። ነጠላውን ፈታሁ። ትንፋሼን ዋጥኩ። አንድ ጣት ሲቀራት፣ ብርግግ።

በማግስቱ ማታ ከሥራ ስገባ ዘበኛው በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ በስንት ሰዓት ነው የምትወርዱት? ወንበር ላወጣ ብዬ ነው። እትዬም ቡና እንደሚያፈሉ ነግረውኛል።»