እንቁጣጣሽ ከደብረ ብርሃን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ደብረ ብርሃን ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ ጋቢ ሳይደርቡ ማምሸት አይሞከርም። አደዩ ግን በየሜዳው ፈክቷል። የሰፈር ሴት ልጆችም «አበባየሆሽ» እያሉ ድምፃቸውን ማሟሸት ጀምረዋል።

በዓል ሲደርስ ዓመቱን ያነበብኩትንና የሰማሁትን ማጫወት እወዳለሁ። ዘንድሮ ልቤን የገዙት ሥራዎች አብዛኞቹ የሰሜን ሸዋ ልጆች ያበረከቷቸው ናቸው። እንዲህ ቅርባችን ተወልደው፣ ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን የማናውቅ መብዛታችን ያንገበግበኛል።

የክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ክረምቱን አነበብኩት። የመንዝ ተወላጅ ናቸው። ያነበብኩትም ብቻዬን አይደለም። ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። እኔ በስልኬ ብርሃን አንዱን ስንኝ ሳነብ፣ ቀጣዩን እሳቸው በቃላቸው ይወጡታል። ተማሪ ሳሉ ያጠኑት ነው። ዓይናቸው ደክሟል። ቤት መምቻው ላይ ሲደርሱ ግን በከዘራቸው ወለሉን መታ ያደርጋሉ። ግጥም ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምን ያህል እንደሚጥም ያወቅሁት ያኔ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ በ1931 ዓ.ም. ዐረፉ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በጻፉት ልብ ወለድ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ነቅፈዋል። መጽሐፉን ለእህቴ ልጅ አዋስኳት። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። «ያኔም እንዲህ የሚል ሰው ነበር?» አለችኝ። እስካሁን አልመለሰችልኝም፤ ለጓደኛዋ አስተላልፋዋለች። ደግ አደረገች።

ከሁሉ በላይ ግን አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ነው የዓመቱ ትዝታዬ። ሠዓሊው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር ላይ በ1925 ዓ.ም. ነው የተወለዱት። በፎቶ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ፎቶ ግን ምንም አይነግርም። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነበረችበትን ትግልና የወደፊት ተስፋዋን በሦስት ክፍል የያዘ ሥራ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ ደመና ሲመጣ ደብዘዝ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ይቀላል። ሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል እንዲህ አያደርግም። በተስፋው ክፍል ችቦ የያዙ ሰዎች አሉ። እነሱ ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። ልጆች ይዛችሁ ሂዱ፤ የእንቁጣጣሽ ዕለት አበባና መልአክ ሥለው በየቤቱ የሚያዞሩት ልጆች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ሙዚቃ ላይ ብዙ አልልም፤ ዓመቱን የዋጠው በገና ነው። በዐቢይ ጾም አንድ ወጣት ሲደረድር ቅርብ ተቀምጬ ሰማሁ። ያ የሚነዝረው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ዐሥሩም አውታሮች በርኩማው (አውታሮቹን የሚደግፈው እንጨት) ላይ ሲያርፉ በየሥራቸው ቁራጭ ቆዳ አለች፤ እንዚራ ይሏታል። አንዷን በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረጋት፤ ንዝረቱ ጠፋ። መለሳት፤ ድምፁ ተመልሶ ደረቴ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሌላ ሙዚቃ አልከፈትኩም ብል ማጋነን አይሆንም።

እናንተስ ዘንድሮ ምን ወደዳችሁ? የአገራችሁ ልጅ የጻፈው፣ የሣለው ወይም የዘፈነው ካለ ጻፉልኝ። ክረምቱ አልፏል፤ ጋሼም «ቀጥሎ ምን እናንብብ?» እያሉኝ ነው። መልካም አዲስ ዓመት!