ቡኒና የቡድን ሥልጠናችን

ቡኒ ውሻዬ ቢግል የሚባል ዝርያ ናት። ዝርያዋ ሽታ ተከትሎ፣ አዳኙን ቀድሞ፣ በራሱ ውሳኔ ጥንቸል እንዲያሳድድ የተዳቀለ ነው። ስለዚህ ሥልጠና ላይ አፍንጫዋን መሬት ተክላ ስትረሳኝ «እልኸኛ ናት» ሲሉኝ አልቀበልም። የተፈጠረችበትን ሥራ እየሠራች ነው።

ከሁሉም በላይ የረዳን ርቀት ነው። ከሌሎቹ ውሾች ፈቀቅ ብለን ጥግ እንይዛለን። ስሟን ስጠራ ጆሮዋ ወደ እኔ ካልዞረ፣ ወይም የምትወደውን ሥጋ እንኳ እምቢ ካለች፣ አሁንም ቀርበናል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ እናፈገፍጋለን። «ተቀመጪ» እያሉ መደጋገም ጭራሽ ይጎዳል፤ ቃሉን ችላ ማለት ያስተምራታል።

ሽልማቷስ? ማሽተቱ ራሱ! ዓይኗን ወደ እኔ ባነሳች ቅጽበት «ጎሽ!» እላታለሁ፤ ከዚያ «ሂጂ፣ አሽትቺ» ብዬ ማሰሪያዋን አላላለሁ። ከእኔ ይነጥቃት የነበረው ነገር አሁን ከእኔ ጋር በመሥራቷ የምታገኘው ክፍያ ሆኗል። እንዲህ ያለ ደስታ ፊቷ ላይ ሳይ ልቤ ይሞላል።

ከባዱ ነገር ተራ መጠበቅ ነው። ዝም ብዬ አላቆማትም፤ መዳፌን በአፍንጫዋ እንድትነካ አደርጋታለሁ፣ ጥቂት እንራመዳለን። ደጋግማ ካዛጋች ወይም ሰውነቷን ካራገፈች ግን፣ መጨነቋ ነውና፣ ክፍለ ጊዜው ባያልቅም ይዣት እወጣለሁ።