ሃር ሲገባ

ባቡሩ ከስኮትላንድ ዋና ከተማ ከኤድንብራ ተነስቶ የፎርዝን ድልድይ ሲሻገር ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ሉካርስ ጣቢያ ስወርድ ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት እንኳ አይታይም። የሴንት አንድሩስን አውቶቡስ አብረውኝ የሚጠብቁ እናት “ዘ ሃርስ ኢን” አሉኝ፤ ሃር ገብቷል ማለታቸው ነው።

ድምፁ ከእኛ ሐር ጨርቅ አይለይም፤ የመጨረሻዋን “ር” እንደ እንግሊዞቹ መዋጥ የለም። ትርጉሙ ግን ማንኛውም ጉም አይደለም። ሃር ከሰሜን ባሕር ተነስቶ የስኮትላንድን ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚሸፍን ቀዝቃዛ ጉም ነው። ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ገና ባልሞቀ ባሕር ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ የምሥራቅ ነፋስ ደግሞ ወደ የብስ ይገፋዋል። በብዛት የሚመጣው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በመሆኑ፣ ምዕራብ ያለችው ግላስጎው ፀሐይ ስትሞቅ ምሥራቁ ኮት ይደርባል። ጣርማ በር ላይ ጉም “ወረደ” እንላለን፤ እዚህ “ገባ” የሚሉት ከባሕር ስለሚመጣ ነው፤ ቃሉ ነፋሱንም አቅጣጫውንም አብሮ ይናገራል። ልብስ የሚያርሰውን ስስ ካፊያ ሃር ማለት ስህተት ነው፤ ለእሱ “ስመር” የሚል ሌላ ቃል አላቸው። ድንበሩን ወደ ደቡብ ወደ እንግሊዝ ሲሻገሩ፣ ኖርዘምበርላንድ ላይ፣ ያው የባሕር ጉም “ፍሬት” ይባላል።

ያደርኩበት ቤት ባሕር ለሚታይበት ክፍል 20 ፓውንድ ጨምሮብኛል፤ መስኮቱ እስኪነጋ ከነጭ በቀር ምንም አላሳየኝም፤ አሁንም ያናድደኛል። በእነዚህ ወራት ለእይታ አስቀድሞ መክፈል አይገባም። መጀመሪያ የነፋሱን አቅጣጫ ማየት ነው፤ ከምሥራቅ ከሆነ የባሕር ዳሩን ጉዞ ለሌላ ቀን ማሳደር ወይም ወደ መሀል አገር ጥቂት ኪሎ ሜትር መግባት ይሻላል። የፀሐይ ሙቀት መሬቱን ሲያሞቀው ጉሙ ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ይሳሳል፤ ነፋሱ ካልተቀየረ ግን ማታ ይመለሳል። ንፋስ የማያስገባ ጃኬት በሐምሌም ያስፈልጋል።

ሃር ብዙ ጊዜ ስስ ንጣፍ ስለሆነ ከፍታ ይረዳል። በማግስቱ ኤድንብራ ተመልሼ 251 ሜትር ከፍታ ያለውን አርተርስ ሲት የሚባለውን ኮረብታ ወጣሁ። ከተማዋ ጉም ውስጥ ናት፤ ጫፉ ላይ ግን ፀሐይ ነበር።